አባቴ የሰፉት ጫማ በቪየና

ከቪየና ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አብነት ሰፈር የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ፣ ጫማ ሊያሠራ የመጣውም ለሰላምታ ብቅ ያለውም፣ «እሺ፣ አውሮፓ እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ጥሩ ነበር» ብዬ ካለፍኩ ወሬ የምሰስት ይመስለዋል። ልዘርዝርለት ስል ደግሞ ቤተ መንግሥትና ሥዕል ሲጠብቅ የማወራው ስለ ጫማ ይሆንበትና ይታዘበኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተነሣሁ። ጫማ ሰፊ ነኝ፤ ከተማን የማየው ከታች ወደ ላይ ነው። አንባቢ ይህን ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ግብዣው የመጣው ከወይዘሮ ሄልጋ ነው። ወይዘሮ ሄልጋ የኦስትሪያ ሰው ናቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚህ አዲስ አበባ ያስተምሩ ነበር። እግራቸው ረጅምና ቀጭን በመሆኑ የሱቅ ጫማ አይሆናቸውም፤ የሚሰፉላቸው አባቴ ነበሩ። አምና ለጉብኝት ሲመጡ ሱቃችንን እዚያው ቦታ፣ አባቴንም እዚያው ወንበር ላይ አገኟቸውና እንባቸው መጣ። በዚያው ስሜት ሁለታችንንም ቪየና ጋበዙን፤ ሙዚየሞቻችንን ሳላሳያችሁ አልሞትም አሉ። አባባ «እኔ ሰማይ ላይ ምን አስቀምጬ ነው?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። እኔ ለመሄድ ተስማማሁ። ቪዛው የጠየቀኝን ወረቀት ብዛት አልዘረዝርም፤ ሚስት ሳገባም እንዲያ አልተመረመርኩም።

እዚህ ላይ ስለ አባባ ጥቂት ልበል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚሰፉት በዓይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ነው ቢባል ይቀላል። ባለፈው ክረምት ሁለት ደንበኞች የጫማቸው ሶል ተከፍቶ ይዘው መጡ። አባባ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው ደርሶባቸው አያውቅም። ተቀብለው አደሱላቸው። በማግስቱ የእኔን እግር ለኩና ለጉዞዬ የሚሆን ጫማ መስፋት ጀመሩ፤ ቡናማ፣ ባለ ማሰሪያ፣ ሶሉ በእጅ የተሰፋ። ሁለት ወር ፈጀባቸው።

የመሄጃዬ ቀን፣ ረቡዕ፣ ሱቅ ውስጥ አስቀምጠውኝ ራሳቸው አጠለቁልኝ፤ ማሰሪያውንም ራሳቸው አሰሩልኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ፊት ለፊት ቆዳ የሚሸጠው ጓደኛዬ ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ስማ ብርሃኑ» አሉኝ አባባ። «ድንጋይም ዝናብም ያግኘው። ሳይከፈት ከተመለሰ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ከተከፈተ ግን ወንበሬን አንሥቼ ቤቴ እቀመጣለሁ። እውነቱን ነው የምትነግረኝ።»

እንደ ቀልድ አድርገው ነው የተናገሩት። እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባባ ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ከዚያ ወንበር ከተነሡ በስንተኛው ወር እንደምናጣቸው ማሰብ አልፈለግሁም።

ሰይድ በአሮጌ መኪናው ሸኘኝ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ግማሽ ሰዓት ቆምን፤ ሰይድ በየመሐሉ «ፈረንጅ አገር ሄደህ ግን የሰው ፊት እንጂ የሰው እግር አትይ» እያለ ይመክረኛል። ቦሌ እንደደረስን እንደ ደንቡ ቀበቶና ጫማ አውልቁ ተባለ። ጫማዎቼ በመሣሪያው ሲያልፉ ፈታሿ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። «ግራው ተረከዝ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። የአባባ ምልክት ነው። ከሱቃችን የሚወጣ ጫማ ሁሉ በግራው ተረከዝ፣ ከውስጥ ቆዳው ሥር፣ ሦስት ትንንሽ የነሐስ ምስማሮች አሉት። ጫማውን የሰፋሁት እኔ ብሆንም ምልክቱ የእሳቸው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እንዲሁ ነው የኖርነው። ይህንኑ ባጭሩ ነገርኳት። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ እያጉረመረመ «እኔም ላሠራ ነው፣ የት ነው ሱቃችሁ?» ብላ አድራሻ ተቀብላ አሳለፈችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቪየና ደረስኩ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የእኛን የጥቅምት ፀሐይ አስቤ በሹራብ ብቻ ነበር የሄድኩት። ወይዘሮ ሄልጋ አውቀውታል፤ የሟች ባላቸውን ወፍራም ካፖርት በክንዳቸው ይዘው የአየር ማረፊያው መውጫ ላይ ቆመዋል። ሰላም ሳይሉኝ በፊት አለበሱኝ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ከመሳቢያ እንደሚያወጡት ፈልገው ነው የሚናገሩት፤ ግን ሲያገኙት አይሳሳቱም።

ወደ ቤታቸው በባቡር ሄድን። ሰው ሞልቷል፣ ድምፅ ግን የለም። የሜክሲኮ አደባባይን የታክሲ ረዳቶች ጩኸት የለመደ ጆሮ እንዲያ ያለ ዝምታ ውስጥ ሲገባ ሰው የሞተ ይመስለዋል። ወይዘሮ ሄልጋን ምን ሆነው ነው ስል ጠየቅኳቸው። ምንም አልሆኑም፣ ወደ ሥራ እየሄዱ ነው አሉኝ።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገና በሩን ሲከፍቱ ጫማቸውን አወለቁና ነጠላ ጫማ አቀረቡልኝ። ያኔ ነው የካልሲዬ ቀዳዳ የታየው። ባለቤቴ አዲሱን ካልሲ አድርግ ብላ ስትወተውተኝ ማን ያየኛል ብያት ነበር። እኛ ጋ እንግዳ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ካለ «ኧረ በናትህ፣ ዝም ብለህ ግባ» ይባላል፤ እነሱ ጋ ግን የቤት ደንብ ነው። ይህን ነገር በልቤ ያዝኩት፤ በኋላም ጉድ የሚሠራኝ ይኸው ጫማ ማውለቅ ነው።

ምሳ ሾርባ ነበር። ውስጡ የተቆራረጠ ቡናማ ነገር ይዋኛል፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ፍርፍር መሰለኝ። ቂጣ ነው፣ በቀጭኑ ተጋግሮና ተከትፎ ሾርባ ውስጥ ይጨመራል። ሁለት ሳህን በላሁና ካፖርቱን ደርቤ እስከ ማታ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ኩሽና ስገባ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የተቀቀለ ድንችና ማርማላታ እንጂ ቅቤም ወተትም አልነበረም። «ዛሬ ጾም ነው። የረሳሁ መሰለህ?» አሉኝ ወይዘሮ ሄልጋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስታወሳቸው ሰው የለም፤ ግን አልረሱትም። እኔ ግን መንገደኛ ነኝ ብዬ ሰዓቱን ሳልጠብቅ ነው የበላሁት፤ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ።

የዚያን ቀን የድሮ ንጉሠ ነገሥታታቸውን ቤተ መንግሥት ጎበኘን። ክፍሉ ከክፍል፣ ወርቁ ከወርቅ ይቀጥላል። በጆሮ የሚደረግ ገለጻ የሚያሰማ መሣሪያ ሰጡን፤ አማርኛ ስለሌለው ወይዘሮ ሄልጋ እየሰሙ ይተረጉሙልኛል። አንደኛው ንጉሥ በጠባብ የብረት አልጋ ይተኛ ነበር አሉኝ። አልጋውን አየሁት፤ ከእኔ ይጠባል። ያን ሁሉ ክፍል ይዞ ለምን እንዲያ እንደተኛ ማንም በደንብ ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ከዚያ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ቦት ጫማ አየሁ። ሰይድ የመከረኝ ሁሉ ጠፋ። ቁጢጥ አልኩና ስፌቱን ማየት ጀመርኩ። ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል የተሳበ፣ አንድም ቦታ ያልተዛነፈ ስፌት ነው። ተረከዙ ዘንድ ያለውን ለማየት ግንባሬን መስታወቱ ላይ ሳስጠጋ ደወሉ ጮኸ። ጠባቂዋ እየሮጠች መጣች፤ ወይዘሮ ሄልጋ ይቅርታ ጠይቀው ጫማ ሰፊ መሆኔን ነገሯት። ፈገግ ብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንድል አደረገችኝ። ጽሑፉ ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁ። ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ ከምን ቆዳ እንደተሠራ ይላል። የሰፋውስ? ወይዘሮ ሄልጋ ደግመው አነበቡት። የለም። ጠባቂዋም አታውቅም። ንጉሡ ራሱ እንዳልሰፋው ግን ሁላችንም ተስማማን።

ስንወጣ ዝናብ ጀምሯል። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ለእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም፤ የእነሱ ግን የስንት ትውልድ እግር አልፎበት ጫፉ ለስልሶ፣ ሲረጥብ ሳሙና ሆኗል። ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግራው፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ አፉን ከፈት አድርጎ አየሁት። የጥፍር ያህል ነው። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ስለቀው መልሶ ተከፈተ። ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ማታውን ባለቤቴ ደውላ ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው። ስለ ቤተ መንግሥቱ አንድም ቃል አልጠየቁኝም።

«ዝናብ አገኘው?»

«አገኘው አባባ።»

«እና?»

«ደህና ነው» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ የሥዕል ሙዚየም ሄድን። የተከፈተውን ቦታ በወይዘሮ ሄልጋ ማስቲሽ አጣብቄ ነበር የወጣሁት፤ የወረቀት ማስቲሽ ስለነበረ እስከ ደረጃው ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ሙዚየሙ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ፊትና ሰማይ ሲያይ እኔ የሥዕሉን ታች አያለሁ። አንድ ትልቅ የገበሬዎች ድግስ ሥዕል ፊት ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ሳህን የሚያመላልሰው ሰውዬ ያደረገው ጫማ ሶሉ ተሰፍቶ እንደታደሰ ሠዓሊው ሳይቀር ያወቀ መሰለኝ። ወይዘሮ ሄልጋ ይህን ሥዕል ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያዩት ጫማዎቹን ልብ ብለው አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ወደ ታች ማየት ጀመሩና ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር ተጋጩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ ካቴድራል ሄድን። ጣሪያው በቀለማት ሸክላ የተሠራ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የነጠላ ጥለት ይመስላል። ወይዘሮ ሄልጋ ጃንጥላቸውን ለማጠፍ ሲታገሉ ወደ ኋላ ቀሩና እኔ ቀድሜ በሩ ላይ ደረስኩ። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ያዘዘው እጄ እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። ጎንበስ አልኩ፣ ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ጫማዎቼን አውልቄ ከደረጃው ጥግ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፣ የበሩን ድንጋይ ተሳልሜ ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልደታ ደጅ ስደርስ የማደርገው ይኸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በጫማ መግባት በሐሳቤም መጥቶ አያውቅም።

ውስጡ ጨለምለም ያለ፣ ረጅም፣ የሚያምር ነው። ድንጋዩ ግን እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ሰዎች እግሬን ሲያዩ አየሁ፤ እኔም የእነሱን አየሁ። ሁሉም ጫማ አድርገዋል። ፈረንጅ ደፋር ነው ብዬ አለፍኩ። ወይዘሮ ሄልጋ ካልሲዬን አይተው የአገራችንን ልማድ አስታውሰዋል፤ ጫማዬን ግን እንደ ብዙው ሰው ፌስታል ውስጥ ይዤው የገባሁ መስሏቸዋል። ሻማ አብርተን፣ ዞረን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንወጣ የደረጃው ጥግ ባዶ ነው።

ዙሪያውን ዞርኩ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰው ይተላለፋል፣ እኔ በካልሲ ቆሜያለሁ። ወይዘሮ ሄልጋ ሮጠው ጠባቂውን ጠሩት። ነገሩ ቶሎ ተገለጠ። የጽዳት ሠራተኛው የረጠበና ሶሉ የተከፈተ ጫማ ደጃፍ ላይ ሲያገኝ ሰው የጣለው ነው ብሎ ከወደቁ ጃንጥላዎች ጋር ሳጥን ውስጥ ከትቶታል፤ ሳጥኑንም የከተማው መኪና ወስዶታል። የጠፋ ዕቃ የሚሰበሰብበት ቢሮ የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት ነው። ጠባቂው እኔ ለምን ጫማ በር ላይ እንደተውኩ ሲነገረው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ወዲያው ገብቶ ሐኪሞች ጫማቸው ላይ የሚያጠልቁትን ሰማያዊ ላስቲክ አመጣልኝ፤ ራሱ ዝቅ ብሎ እግሬ ላይ አጠለቀልኝ። በአራት ቀን ውስጥ እግሬ ሥር ጎንበስ ያለ ሁለተኛ ሰው ነው። በዚያ ላስቲክ ሽው ሽው እያልኩ በቪየና ዋና አደባባይ አለፍኩ። ሕፃናት በደንብ ሳቁብኝ።

እሑድ በሟቹ ባል ቦት ጫማ ነበር የምሄደው። በሁለት ቁጥር ይበልጠኛል፤ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቀጠቅንበት። ወይዘሮ ሄልጋ ሐሳቤን ሊያስቀይሩ የሰዓት ሙዚየም ወሰዱኝ። ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰዓት ነው፤ ቀትር ላይ ሁሉም ተራ በተራ መደወል ጀመሩ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ኦስትሪያ ከገባሁ ወዲህ እንዲያ ያለ የቤቴን የመሰለ ጫጫታ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። እያንዳንዱ ሰዓት ፊቱ ላይ የሠሪው ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ጫማ ሰፊ ስሙን ከተረከዝ ሥር ይደብቃል፤ ሰዓት ሠሪ ግን ሰው በቀን መቶ ጊዜ በሚያየው ቦታ ይጽፈዋል። ቀናሁ።

እዚያው ከደወሎቹ መሐል ሆኜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ጫማው ባይገኝስ? ጠፋ ብል ሐሰት አይደለም። መከፈቱን አባባ መቼም አያውቁም። ወንበራቸው ላይ ይቀጥላሉ። ሐሳቡ ጣፈጠኝ፤ መጣፈጡ ደግሞ አሳፈረኝ። ቀኑን ሙሉ ከሐሳቡ ጋር ስታገል ውዬ ማታ እራት ላይ ለወይዘሮ ሄልጋ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መከፈቱን፣ አባባ ያሉትን፣ ስልክ ላይ መዋሸቴን።

ተነሥተው ከቁም ሣጥን አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ አመጡ። አባባ የሰፉላቸው ነው። ሶሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ተረከዙም አዲስ ነው። የግራውን የውስጥ ቆዳ ገለጥ አደረግሁ፤ ሦስቱ ምስማሮች አሉ።

«ይሄም ተከፍቶ ነበር» አሉኝ ቃላቸውን እየፈለጉ። «ሁሉም ጫማ ይከፈታል፣ ብርሃኑ። አባትህ እኮ ጫማውን አይደለም የላኩት። የሚያምኑትን ሰው ነው የላኩት።»

ሳህኑን አጥቤ ገብቼ ተኛሁ።

ሰኞ ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ የደረስነው የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። ያን ቢሮ ከሙዚየሞቹ ሁሉ አብልጬ ነው የማስታውሰው። ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ተከምሯል፤ አንድ ቫዮሊን፣ አንድ የሕፃን ጋሪ፣ በፌስታል የታሰረ ሰው ሠራሽ ጥርስም አለ። ጥርሱን የረሳ ሰው ምን በልቶ እንደዋለ እግዜር ይወቅ። ቡናማ ጫማ ብቻውን አንድ መደርደሪያ ሞልቷል። የእኔን ከሩቅ ለየሁት፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ማሰሪያው አባባ በሚያስሩት አሳሰር ታስሮ ተቀምጧል፤ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ እሱኑ ነበር የማስረው።

ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ፊቷ ግን የዳኛ ነው። የእኔ ነው ማለት አይበቃም፣ ምልክት ንገረኝ አለች። ያኔ ነው ሐሳቤ የተቆረጠው። ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር። በግራው ተረከዝ፣ ከውስጥ ቆዳው ሥር፣ ሦስት የነሐስ ምስማር አለ አልኩ፤ ወይዘሮ ሄልጋ ተረጎሙ። በማስመሪያ ቀስ ብላ ገለጠችው። አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከዚያ ፎርም መሙላት ጀመረች። ቀለሙን ጻፈች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ማርኩ ምንድን ነው አለች። ማርክ የለውም፣ አባቴ ናቸው የሰፉት አልኩ። ባዶ መተው አይቻልም አለች። ከወይዘሮ ሄልጋ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ፤ የአባቴን ስም ጠየቀችኝና ፊደል በፊደል ጻፈችው። ማኅተም መታችበትና አንዱን ቅጂ ሰጠችኝ። የንጉሡን ቦት ጫማ የሰፋው ሰው ያላገኘውን ነገር አባባ በጠፋ ዕቃ ቢሮ አገኙ።

ከሰዓት በኋላ የትም አልወጣንም። ከሟቹ ባል የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ወስፌ አገኘሁ፤ የልብስ ክር በሻማ ሰም አሽቼ አጠነከርኩና የተከፈተውን ሰፋሁት። ሰባት ስፌት ነው። ለመደበቅ ብዬ አልነበረም፤ እጄ ግን ከአባባ ሌላ አስተማሪ ስለማያውቅ የእሳቸውን አሰፋፍ ተከትሎ ሰፋው። ወይዘሮ ሄልጋ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና ወረቀት አምጥተው ወለሉ ላይ አነጠፉ። ሁለቱንም እግራቸውን አስቀምጠው በእርሳስ አስዞሩኝ። አዲስ ጫማ አዘዙ ማለት ነው።

ማክሰኞ ሸኙኝ። ካፖርቱን ልመልስ ስል ተቆጡኝ። አውሮፕላን ላይ ሙሉውን መንገድ የምለውን ቃል ስለማመድ ነው የመጣሁት፤ «አባባ፣ ይቅርታ» ብዬ ልጀምር ወይስ መጀመሪያ ወረቀቱን ላሳይ።

ረቡዕ ጠዋት በቀጥታ ሱቅ ገባሁ። ሰይድም ተከትሎኝ ገባ። አባባ ከተሳሳምን በኋላ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጫማውን አውልቄ ሰጠኋቸው። ቀኙን ዙሪያውን ዳስሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ግራውን ያዙ። አውራ ጣታቸው ከተረከዙ ተነሥቶ ቀስ እያለ ሄደና ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ ቆመ። የተለማመድኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

«እነዚህ ሰባቱ የኔ አይደሉም» አሉ።

«አይደሉም አባባ። ዓርብ ዕለት ተከፈተ። ስልክ ላይ ዋሸሁዎት።»

ሰይድ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አባባ ሰባቱን ስፌት መልሰው ዳሰሱ። «ክሩን ስትስብ ወደ ግራ ታጋድላለህ። ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ» አሉና ትንሽ ቆይተው «ጠንክሯል ግን» አሉ።

ወረቀቱን አወጣሁና የሆነውን ሁሉ ተረክሁላቸው። በካልሲ ቆሜ የቀረሁበት ጋ ስደርስ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ስማቸው ያለበትን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«የንጉሡንስ ማን ሰፋው ይላል?» አሉኝ።

«አይልም።»

«ጠፍቶ ስለማያውቅ ይሆናላ» አሉ።

ወንበራቸውን ያነሡ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አባባ ግን የወይዘሮ ሄልጋን የእግር ሥዕል ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ በመዳፋቸው አስተካከሉት፤ ከመሐል ቀደዱትና ግራውን ወደ እኔ ገፉት።

«ቀኙን የምሰፋው ጠዋት ጠዋት ነው፣ እጄ ሳይዝል» አሉ። «ግራው ወደ ማታ ይደርስና ይከዳኛል። ከእንግዲህ ቀኙን እኔ፣ ግራውን አንተ። ግራው ላይም የራስህን ምልክት ምታ፤ በኔ ስም መሥራት ይበቃሃል።»

የወይዘሮ ሄልጋ ጫማ ባለፈው ወር አልቆ ተልኳል። የአባባ ሦስት ምስማሮች ወደ ቀኙ ተዛውረዋል፤ በግራው የእኔ አንዲት ምስማር አለች። ከዚያ ወዲህ አራት ጥንድ ወጥቷል። ቀኙ ከግራው በምን ይለያል ብሎ የጠየቀ ደንበኛ እስካሁን የለም። አባባ ግን እያንዳንዱ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ተቀብለው ዙሪያውን ይዳስሳሉ፤ ግራው ላይ ሲደርሱ ዘግየት ይላሉ፤ ከዚያ ይመልሱልኛል።